የአምልኮ ቤት ባዶ የሚሆነው መቼ ነው?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ኮልፌ ቀራኒዮ ይባላል። ቀራኒዮ ክርስቲያን ወገኖቻችን ስቅለቱ የተፈጸመበት ነው ብለው የሚያምኑበት ቦታ ስም ነው፤ በዚህ ስም በሚጠራው አካባቢ ደግሞ እጅግ ብዙ ሙስሊም ይኖራል። ጎህ ሲቀድ የፈጅር አዛን ከየመስጂዱ ይሰማል፤ በእሑድና በበዓላት ቀን ከዚያው ጋር የቅዳሴው ዜማ ይመጣል። እኛ የኮልፌ ልጆች ሁለቱንም እየሰማን ነው ያደግነው። ከሁለቱ አንዱ አንድ ቀን ሊቋረጥ ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው በመካከላችን የነበረ አይመስለኝም።

በቅርቡ በዐረፋ ሰሞን ከእንግሊዝ አገር ለዘመድ ጥየቃ የመጣ የአጎቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ ነበር። ቡና እየጠጣን ስለሚኖርበት ከተማ ያጫውተኝ ጀመር። «እኛ ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ሰው ጠፍቶበት ተሸጠ። ገንዘብ አዋጥተን መስጂድ ልናደርገው ስንል ሌላ ሰው ቀደመንና የመኖሪያ ቤት አደረገው። ክርስትና እኮ እዚያ አገር አበቃለት!» አለኝ። ሲናገር ፊቱ ላይ ደስታ ይነበብ ነበር። አጠገቡ የ14 ዓመት ልጁ ተቀምጧል። ወዲያው የመግሪብ አዛን ተሰማና ሁላችንም ለውዱእ ተነሣን። ልጁ ግን ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት አባቱን ተመለከተ። አባትየው በእንግሊዝኛ ጥቂት ነገር ነገረውና ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ መድረሳ ይሄድ ነበር፤ የእኔም ሥራ በዛና አቋረጠ» አለኝ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዚያ ቤተ ክርስቲያን መዘጋትና የዚህ ልጅ ግራ መጋባት አንድ ነገር ሆኖ ታየኝ። ይህችን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ሩሞች ሲሸነፉ ያዘኑ ሙስሊሞች

ለመሆኑ አንድ ሙስሊም የክርስቲያኖች ቤተ ጸሎት ሰው ጠፍቶበት መዘጋቱን ሲሰማ ሊደሰት ይገባዋልን? መልሱን ለማግኘት ወደ መካ ዘመን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ614 የፋርስ ጦር ሩሞችን ድል አድርጎ ኢየሩሳሌምን ያዘ። ፋርሶች እሳት የሚያመልኩ መጁሶች ነበሩ፤ ሩሞች ደግሞ ክርስቲያኖች። ወሬው መካ ሲደርስ የቁረይሽ ሙሽሪኮች ተደሰቱ፤ ሙስሊሞቹ ግን አዘኑ። ሩሞች በእምነት ቢለዩአቸውም የመጽሐፍ ሰዎች ነበሩና፣ ከጣዖትና ከእሳት አምላኪ ይልቅ ወደ እነሱ የቀረቡ ነበሩ። ሱረቱ-ር-ሩም የወረደችው ያን ጊዜ ነው። ሩሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሰው እንደሚያሸንፉና በዚያም ቀን ምእመናን እንደሚደሰቱ አበሰረች። አቡበከር (ረ.ዐ.) በዚህ የተነሣ ከአንድ ሙሽሪክ ጋር እስከ መወራረድ መድረሳቸው በተፍሲር መጻሕፍት ተዘግቧል። የሩሙ ንጉሥ ሂርቀልም እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ መልሶ ማጥቃት ጀመረ፤ በ627 ነነዌ አጠገብ የፋርስን ጦር ድል ነሣ።

ኢየሩሳሌም በተያዘች በዓመቱ፣ ማለትም በ615፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ባሕር ተሻግረው ወደዚህች አገር መጡ። ማን ዘንድ እንደመጡ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ሁሉ ያውቃል። የተቀበላቸው አላህን የሚፈራ ክርስቲያን ንጉሥ፣ በዙሪያው ቀሳውስቱ የተቀመጡ ነጃሺ ነው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ሰው ከነአካቴው ፈጣሪውን ሲረሳ ማየት ለሙስሊም የምሥራች አለመሆኑን ነው።

የለንደኑ ሕንፃ ታሪክ

በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል ብሪክ ሌን የሚባል ጎዳና አለ። በዚያ ጎዳና ጥግ ላይ የቆመ አንድ ሕንፃ ስለ አምልኮ ቤቶች ዕጣ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1743 ሲሆን፣ የሠሩትም ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 የአምልኮ ነጻነታቸውን የሚጠብቀውን አዋጅ ሽሮ ስላሳደዳቸው ነበር ወደ እንግሊዝ የገቡት። በእጃቸው የሐር ሽመና ሙያ ነበራቸው፤ ሠርተው ገንዘብ ሲያገኙ ቤተ ጸሎታቸውን አቆሙ። ዛሬም ግድግዳው ላይ 1743 የሚል ዓመት የተጻፈበት የፀሐይ ሰዓት ይታያል።

እነዚህ ሰዎች ለሃይማኖታቸው ሲሉ አገርና ንብረት ጥለው የተሰደዱ ናቸው። ንጉሥ በሠራዊቱ ሊያስጥላቸው ያልቻለውን ግን ጊዜ ቀስ በቀስ ከልጆቻቸው እጅ ወሰደው። የልጅ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ የአያቶቻቸው ሰባኪ በፈረንሳይኛ የሚናገረው አልገባቸው አለ፤ ሰፈሩንም ለቀው ሄዱ። ሕንፃው በ1819 ሜቶዲስት ለሚባሉ እንግሊዛውያን ፕሮቴስታንቶች ተላለፈ። በ1898 ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁዶች ምኩራብ አደረጉት። የአይሁዶቹም ልጆች በተራቸው ተምረውና ሀብት አፍርተው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። በመጨረሻም በ1976 ከባንግላዴሽ የመጡ ሙስሊሞች ገዝተው መስጂድ አደረጉት። እስከ ዛሬም መስጂድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «የመጨረሻው ድል የእኛ ሆነ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ልብ በሉ። ምኩራቡን የከፈቱት አይሁዶችም በ1898 እንደዚሁ ብለው ይሆናል። ያ ሕንፃ አራት ጊዜ ሰው ሲሞላበት ሦስት ጊዜ ተለቅቋል። በሦስቱም ጊዜ ያስለቀቀ ጠላት አልነበረም። ልጆች ናቸው የወጡት።

አሁን ደግሞ አገሪቱን በሙሉ እንመልከት። በእንግሊዝና በዌልስ በየአሥር ዓመቱ በሚደረገው ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው ሰው በ2001 ከመቶ 72 ያህል ነበር። በ2011 ወደ 59፣ በ2021 ደግሞ ወደ 46 ወረደ። በጀርመንም በ2022 በአንድ ዓመት ብቻ ከ520 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባልነታቸውን በይፋ ሰርዘዋል።

ከዚያ የወጣው ሕዝብ ወዴት ገባ? የአጎቴ ልጅ እንደመሰለው ወደ መስጂድ ነውን? አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ሙስሊሞች በእነዚያ ሃያ ዓመታት ከመቶ 3 ተነሥተው 6.5 ደርሰዋል፤ ይህም በአብዛኛው በመውለድና በስደት የመጣ ነው። «ሃይማኖት የለኝም» ያለው ግን ከመቶ 15 ተነሥቶ 37 ደረሰ። ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የቀረው ሰው በአብዛኛው የትም አልሄደም። ቤቱ ቀረ። ታዲያ ሙስሊሙም ልጁን የሚያሳድገው እዚያው አገር፣ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ስልክ ነው። ጎረቤትህን የወሰደ ጎርፍ ያንተን አጥር አይቶ አይመለስም።

ሰይፍ ነው ወይስ ሌላ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች፣ «በአውሮፓ እንደዚህ ይሁን እንጂ በታሪክ አብያተ ክርስቲያናትን ያጠፋው ሰይፍ ነው፤ ሰሜን አፍሪካን ተመልከት» ይላሉ። በእርግጥም ዛሬ ቱኒዚያና አልጄሪያ በሚባሉት አገሮች ጥንት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። የክርስቲያኑ ዓለም ዝነኛ ሊቅ አውግስጢኖስ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ430 የሞተው በዚያ ነው። በ411 በካርታጎ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ከ500 የሚበልጡ ጳጳሳት ተገኝተው ነበር። በ1076 ግን አንድ ጳጳስ ለመሾም የሚያስፈልጉት ሦስት ጳጳሳት እንኳ በዚያ አገር እንዳልተገኙ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 7ኛ በደብዳቤያቸው ጽፈዋል።

ነገር ግን በዚያው የሙስሊሞች አገዛዝ ሥር ከነበረችው ግብጽ ጋር እናነጻጽረው። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ግብጽን በ641 ገደማ ሲከፍቱ የቅብጦቹ ፓትርያርክ ብንያም ከሩም ገዥዎች ሸሽተው ለዓመታት ተደብቀው ነበር። ዐምር (ረ.ዐ.) የደኅንነት ቃል ሰጥተዋቸው ወደ መንበራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ፍትሕ ያጓደሉ ገዥዎች መነሣታቸውንም መካድ አይገባም። በተለይ የፋጢሚዩ ገዥ አል-ሓኪም በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አፍርሷል። እንደዚያም ሆኖ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምእመናን አሏት።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የታሪክ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ። የሰሜን አፍሪካው ቤተ ክርስቲያን ሙስሊሞች ከመድረሳቸው በፊት እርስ በርሱ ተከፋፍሎ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲዋጋ ኖሯል፤ የቫንዳሎችም ወረራ አድክሞታል። ከሁሉም በላይ ግን ቋንቋው ላቲን ነበር። ላቲን የከተሜውና የባለ ሥልጣኑ ቋንቋ ነው፤ በተራራውና በገጠሩ የሚኖረው በርበር መጽሐፉን በራሱ ቋንቋ አላገኘውም። ከተሜው መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሮማና ወደ ሲሲሊ ሲሻገር ሃይማኖቱም አብሮት ሄደ። ግብጽ ውስጥ ግን ገበሬው በራሱ ቅብጥኛ ይጸልይ ነበር፤ ገዳማቱም በበረሃው ውስጥ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ቅብጥኛ ከሕዝቡ አፍ ሲጠፋ ሊቃውንቱ ሃይማኖታቸውን በዓረብኛ መጻፍና ማስተማር ጀመሩ። ልጁ በሚገባው ቋንቋ ነገሩት ማለት ነው። የለንደኖቹ ፈረንሳውያን ሳይሳካላቸው የቀረው ይኸው ነበር።

በአገራችን ሰይፍ ያላጠፋው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለ1600 ዓመት ገደማ ጳጳሷን የምታመጣው ከዚህችው ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው። የአገራችንም ታሪክ ከላይ ያልነውን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም።

በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሕዝብም ሃይማኖቱን ለውጧል። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ያ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቆመ። አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ዐፄ ሱስንዮስ በፖርቱጋሎችና በስፔን ካህናት ምክር ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት አድርገው አወጁ። ሕዝቡ እምቢ አለ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ አዋጃቸውን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

የእኛም አባቶች ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ከፊሉ ተዋጋ፤ ከፊሉ ተሰደደ፤ ከፊሉ ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ትእዛዙን ከተቃወሙት ታላላቅ ዑለማዎች አንዱ ሼህ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር ነበሩ። እኚህ ዓሊም የዲኑን ትምህርት በዓረብኛ ፊደል፣ ነገር ግን በአማርኛ ቋንቋ ግጥም አድርገው ለሕዝቡ ጽፈዋል። ዓረብኛ የማያውቀው ገበሬ፣ እንጨት የምትለቅመው እናት፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ በገዛ ቋንቋው ይሰማው ነበር። ዛሬ ወሎ ሄዶ የሶላት ወቅት ላይ የቆመ ሰው ያ ሁሉ ኃይል ምን እንዳተረፈ ያያል።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ቤተ ክርስቲያን «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባልላት የነበረ ናት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን መሬት በአንድ ቀን ወሰደባት። በሚቀጥለው ዓመት ፓትርያርኳ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ። ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራ ነበር፤ ለወጣቱም ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው እየተባለ ይነገረው ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ አባላቱ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። ሕንፃቸው ተወሰደ፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ። እነሱም ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በየሳሎኑና በየማእድ ቤቱ የሚያስተምሩት ብዙውን ጊዜ እናቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅና እንደገና በይፋ ሲከፈቱ አባላቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ።

ክርስትናቸውን አልጋራም፤ ታሪኩን ግን መማር አለብኝ። ሕንፃ የተወሰደበት ሕዝብ ስድስት እጥፍ ሆነ። በለንደን ደግሞ ሕንፃው ሳይነካ፣ ፖሊስ ሳይመጣ፣ ሰዎቹ ብቻ ጠፉ።

የሕዝብ ቆጠራው ምን ይላል?

በአገራችን የክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት ወደፊት ምን ይሆናሉ ለሚለው ጥያቄ ወሬን ሳይሆን ቁጥርን መመልከት ይሻላል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 50.6 የሚሆነው ኦርቶዶክስ፣ 32.8 ሙስሊም፣ 10.2 ፕሮቴስታንት ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ደግሞ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ሆነ። በአዲስ አበባም ኦርቶዶክስ ከ82 ወደ 74.7 ሲወርድ ፕሮቴስታንት ከ3.9 ወደ 7.8፣ ሙስሊም ከ12.7 ወደ 16.2 ከፍ ብሏል።

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የኦርቶዶክሱ ድርሻ ቀነሰ እንጂ ሰው አልጠፋም፤ ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ከፕሮቴስታንቱም ዕድገት ከፊሉ የመጣው በደቡብና በምዕራብ ባህላዊ እምነት ይከተል ከነበረው ሕዝብ ነው፤ የዚህ ድርሻ በእነዚያው ዓመታት ከመቶ 4.6 ወደ 2.6 ወርዷልና። ከሁሉም የሚበልጠው ቁም ነገር ግን፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን የወጣው ኢትዮጵያዊ እንደ እንግሊዙ ቤቱ አለመቅረቱ ነው። ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የገባው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ክርስቲያኖች ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሚኖሩት በአውሮፓ ከሚኖሩት ይበልጣሉ። ስለዚህ «ክርስትና አበቃለት» የሚለው የአጎቴ ልጅ ወሬ ለአውሮፓም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ለአፍሪካ ደግሞ ጭራሹን እውነት አይደለም።

ሰውን ከአንዱ ወደ ሌላው የወሰደው ምንድን ነው? ብዙ ምክንያት አለው፤ አንዱ ግን ከላይ ያየነው የቋንቋ ነገር ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ። ለብዙ ዘመን ግዕዝ ሲሰማ ለኖረ ሰው የገዛ ቋንቋውን መስማት ትንሽ ነገር አይደለም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አይታ ዝም አላለችም። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራት በየዩኒቨርሲቲው ያለውን ወጣት ሰብስበው ማስተማር ያዙ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ተጠናከሩ። የወደፊቱን የሚወስነው ይህ ሥራ እንጂ የሕንፃው ቁመት እንዳልሆነ እነሱም የተረዱት ይመስለኛል።

በሰፈራችን አንዲት አሮጊት ክርስቲያን ጎረቤት አሉን። ከእናቴ ጋር በዒድና በፋሲካ ሲጠያየቁ የኖሩ ናቸው። ከአራት ልጆቻቸው ሦስቱ ወደ ጴንጤ ሄደውባቸዋል፤ አራተኛው ምንም ነገር የለውም። አንድ ቀን ስለ ልጆቻቸው አንሥተን ስንጫወት፣ «ልጄ፣ የማንንም ሰው ጥፋት አልልም። እኔ ጾሙን እጾማለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። ለምን እንደምጾም ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኳቸውም። መንገር የቄሱ ሥራ መስሎኝ» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ምክንያቱም ይህንኑ ነገር በሌላ አነጋገር በየሳምንቱ መድረሳ በር ላይ እሰማዋለሁና።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

እኔ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ። ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣል፤ የወር ክፍያውን ይከፍላል፤ «ኡስታዝ፣ አደራ» ብሎ ይሄዳል። አደራው ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጁ ከእኔ ጋር የሚቆየው በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የቀረው ጊዜ የወላጁ ነው። ልጁ ፋቲሓን ከእኔ ዘንድ ሊሐፍዝ ይችላል። አባቱ ከሱቅ ገብቶ ሲሰግድ ካላየ ግን፣ ፋቲሓ እንደ ሒሳብ ሠንጠረዥ ለኡስታዝ የምትባል ነገር ትሆንበታለች። እናቱ ቁርኣን ስትቀራ ሰምቶ «እማ፣ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ቅራ» ከተባለ፣ አንድ ቀን መጠየቁን ያቆማል። መጠየቅ ያቆመ ልጅ ደግሞ መቅራቱንም ለማቆም ሩቅ አይደለም።

አባቶቻችን በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን በዚህች ከተማ አደባባይ ወጥተው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል፣ በዓላችን እንዲከበር ጠየቁ። ዒዳችን ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ መስጂዶቻችን በዙ። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ታትሟል። አያቶቻችን ያልነበራቸው ነገር ሁሉ በእጃችን አለ። እነሱ የነበራቸው ግን ልጁ ደረሳ ሆኖ ዓመታት ሲቀራ ስንቁን የሚችል ጎረቤት፣ ማታ ማታ እሳት ዳር የነብያትን ታሪክ የሚያወራ አባት ነው። ይህ ዛሬ እንዳለን እያንዳንዳችን ቤታችንን እንጠይቅ። ሱረቱ መርየም ነብያትን ካወሳች በኋላ ሶላትን ያጓደሉና ፍላጎታቸውን የተከተሉ ምትኮች እንደመጡ ትነግረናለች። ያን ያደረሱት ከውጭ የመጡ ጠላቶች ሳይሆኑ ምትኮች፣ የገዛ ልጆች መሆናቸውን እናስተውል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። በዋሺንግተን ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች «ፈርስት ሂጅራ» የተባለውን መስጂዳቸውን አቋቁመዋል፤ ክርስቲያን ወገኖቻችንም በዚያው ከተማ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከፍተዋል። ሁለቱም ወገን ያለበት ፈተና አንድ ነው። አባት በአማርኛና በግዕዝ፣ በአማርኛና በዓረብኛ ያመልካል፤ ልጁ የሚያስበው በእንግሊዝኛ ነው። ከ280 ዓመት በፊት በብሪክ ሌን የሐር ሸማኔዎቹ ፊት የተደቀነው ጥያቄ ዛሬ እነሱ ፊት ቆሟል። ልጁ በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ሕንፃውን ለሚገዛ ሰው እያቆዩለት ነው።

የአጎቴ ልጅ ከመሄዱ በፊት ልጁን ይዤ መድረሳ ወሰድኩት። ከትንንሽ ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ተማሪዬ ፋቲሓን አንድ አንድ ቃል እየቆጠረ ሲነግረው ልጁ ደጋግሞ ይጠይቅ ጀመር። አባትየው በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና ጫማውን አውልቆ ገብቶ ከኋላችን ተቀመጠ። ከሄዱ ሁለት ወር በኋላ በስልክ ሲያነጋግረኝ፣ እሑድ እሑድ የፈረቃ ሥራውን ትቶ ከልጁ ጋር አንድ ገጽ ከነትርጉሙ እንደሚያነብቡ ነገረኝ። እስከ መቼ እንደሚዘልቁበት አላህ ያውቃል። ስለዚያ ስለተሸጠው ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ ቀን አላነሣም።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ሶላትን ከሚያቆሙት ያድርግልን፤ እኛንም ነግረው ከማይሰለቹት ወላጆች ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።